የጤፍ ብረት ከየት መጣ? በምግብ ጥናታችን ላይ የቀረበ ሂስ

«ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል» የሚለውን አነጋገር በጠመንጃ ያዥ ሠፈር ወፍጮ ቤት ደጅ ቆሞ ያልሰማ ሰው የለም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ አነጋገር ነው። ይሁን እንጂ ሂሱ የሚቀርበው በወፍጮ ቤት ደጅ በሚነጋገሩት እናቶች ላይ አይደለም። እነርሱ የሚደግፉበትን ቁጥር የሰጠናቸው እኛ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባውም እኛው ነን።

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ምክንያት የሚከተለው ነው። በዚሁ ሠፈር የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ደሟ አነስተኛ መሆኑ በምርመራ ተነግሯት የብረት ክኒን ተሰጥቷት ነበር። ክኒኑ ሆዷን ስላወከባት ጥቂት ቀን ውጣ ተወችው። ጤፍ ልታስፈጭ በመጣችበት ቀን ይህንኑ ለአንዲት በዕድሜ ለገፉ ጎረቤቷ ብታጫውታቸው፥ «ተይው ልጄ፤ ክኒን ምን ያደርግልሻል? ነጩን ትተሽ ቀዩን አስፈጭተሽ ብዪ፤ ብረት ማለት እሱ ነው» አሏት። እርስዋም «እሺ እማማ» ብላ ሄደች። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበርና አንድ ነገር ልናገር አሰብሁ፤ ነገር ግን የምለው ጠፋኝ። እማማ የተናገሩት እኔ ራሴ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ያነበብሁትን፥ ምናልባትም ለፈተና የጻፍሁትን ነበርና ነው።

እንግዲህ ያ የተጻፈው ነገር ምንድር ነው? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላመልክት። በኢትዮጵያ ጤፍ ላይ የተደረጉት የኬሚካል ምርመራዎች ተሰብስበው ሲታዩ፥ በ100 ግራም ነጭ ጤፍ ውስጥ ከ9.5 እስከ 37.7 ሚሊግራም፥ በ100 ግራም ቀይ ጤፍ ውስጥ ደግሞ ከ11.6 አንሥቶ ከ150 ሚሊግራም በላይ ብረት እንደ ተገኘ ይነገራል። የተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች፥ ስለ ተፈጥሮ ሕክምና የሚጽፉ ሰዎችና የውጭ አገር ነጋዴዎች የሚመርጡት ከእነዚህ ቁጥሮች ትልቁን ነው። ከ150 ሚሊግራሙ አጠገብ ሌላ ቁጥር አብሮ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ነገር ግን ሌላ ቁጥር አለ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ በ100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ ውስጥ ያለው ብረት 7.6 ሚሊግራም ነው ይላል። እህሉ አንድ ነው፤ ዘሩም ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። እንግዲህ አንድ እህል በአንድ አገር 7.6፥ በሌላ አገር ከ150 በላይ ሲሆን፥ ይኸውም 20 እጥፍ ያህል ሲለያይ፥ አንባቢ ቆም ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ስንዴም ሆነ ማሽላ እንደ በቀለበት ቦታ የብረቱ መጠን ጥቂት ከፍና ዝቅ ይል ይሆናል እንጂ 20 እጥፍ አይለዋወጥም። የዚህን ያህል የሚራራቅ ቁጥር የሚያመለክተው የእህሉን ጠባይ ሳይሆን ከውጭ የተጨመረበትን ነገር ነው።

ከውጭ የተጨመረው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ገበሬውን በአውድማው ላይ ማየት ይበቃል። አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል፤ ነዶው ተበትኖ በሬዎች እየተነዱ ያበራዩታል፤ ከዚያም በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል። ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፤ ከመሬት የተነሣውን ደቃቅ አፈር ግን ሁሉንም አይወስድም። የጤፍ ፍሬ እጅግ ጥቃቅን ነው፤ 1000 ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም። ፍሬው ባነሰ ቁጥር አፈር የሚይዝበት ገጽ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር እየበዛ ይሄዳል፤ አጥቦ ማጥራቱም እየከበደ ይሄዳል። ባለሙያ ሴት በወንፊት ትነፋዋለች፥ በሰፌድ ታበጥረዋለች፤ ሆኖም ከፍሬው ጋር የተጣበቀውን አፈር ሁሉ በዚህ ማስወገድ አይቻልም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከ100 እጅ 5 እጁ ብረት የሆነ ቀይ አፈር እንውሰድ፤ እንዲህ ያለው አፈር በደጋው ብርቅ አይደለም። የዚህ አፈር 1 ግራም 50 ሚሊግራም ብረት አለው። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ለዓይን የማይታይ 1 ግራም አፈር ቢገባ የጤፉ ብረት በ50 ሚሊግራም ከፍ ይላል ማለት ነው። 3 ግራም ቢገባ ያ ዝነኛው 150 ይሞላል። ስለዚህ የቀይ ጤፍ ክብር ነው ብለን የጻፍነው ቁጥር፥ በአመዛኙ የቀይ አፈር ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ይህን አስተሳሰብ እኔ የፈጠርሁት አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት በአገራችን ሊቃውንት ተመርምሮ ታትሟል። ቅደም ተከተሉን ማስታወስ ይጠቅማል። የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጋራ የሥነ ምግብ ኮሚቴ በ1958 በኢትዮጵያ ጥናት አድርጎ በ1959 ባወጣው ሪፖርት፥ የሕዝቡ የብረት ምገባ ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። በ1962 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በአዲስ አበባ የሕፃናት የምግብ ጥናት ክፍል አቋቋሙ፤ ይህ ክፍል ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ያስገኘ፥ ኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነ፥ በ1995 ደግሞ ከጤና ምርምር ተቋምና ከባህል መድኃኒት ክፍል ጋር የተዋሐደ ነው። ኦግሬንና ጊብሰን የኢትዮጵያን የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ያዘጋጁት በዚሁ ክፍል ሥር በ1960ዎቹ መጨረሻ ነበር። ስዊድናዊው ሐኪም ሆፍቫንደር በ1968 የኢትዮጵያውያንን ደም ከዚህ ከፍተኛ የብረት ምገባ ጋር አያይዘው የመረመሩበትን ጽሑፍ አሳተሙ። በ1976 ደግሞ መሐሪ ገብረ መድኅንና ባልደረቦቻቸው በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ማነስ በኢትዮጵያ ብርቅ ነው የሚል ጥናት አወጡ።

ከዚህ በኋላ በ1980 አብርሃም ብሥራትና ሁለት ባልደረቦቻቸው የጤፍን የብረት ይዘት በጥብቅ የመረመሩበትን ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። ያደረጉት ነገር እጅግ ቀላል ነበር፤ ጤፉን አጥበው መዘኑት። አፈሩ ሲለቅ ብረቱም አብሮ ወረደ፤ የጤፍ ብረት ከሌሎች እህሎች ብረት እምብዛም የራቀ እንዳልሆነና ትርፉ በውቂያ ጊዜ የገባ አፈር መሆኑ ታወቀ። ይህ ጽሑፍ ከታተመ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአማርኛ በሚጻፉት ምክሮች ውስጥ ግን ይህን ውጤት የሚጠቅስ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያዳግታል። ይህ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ነቀፌታዬ፤ በገዛ አገራችን የተሠራውን ምርምር ትተን፥ ምርምሩ ያረመውን ስሕተት ይዘን መቅረታችን።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ በምግብ ውስጥ ያለውንና በደም ውስጥ የሚገባውን አንድ አድርገን መቁጠራችን ነው። በሣህን ላይ ያለ ብረት ሁሉ ደም አይሆንም። የእህል ብረት ፋይቴት ከሚባል ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር አንጀት የሚስበው ጥቂቱን ነው። የዓለም የጤናና የምግብ ድርጅቶች አብዛኛው ምግባቸው እህል ለሆነ ሕዝቦች የሚሳበውን ብረት ሲገምቱ ከ100 እጅ 5 እጅ ብቻ አድርገው እስከ መቁጠር ይደርሳሉ። በዚህ መሠረት የዚያችን ነፍሰ ጡር ጉዳይ እንመልከት። በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት ትበላለች ብንል፥ በንጹሕ ጤፍ ሒሳብ ወደ 23 ሚሊግራም ብረት ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ 5 እጁ ቢሳብላት ወደ ደሟ የሚገባው 1.1 ሚሊግራም ያህል ነው። ደሙ ያነሰ ሰው አንጀቱ የበለጠ ስለሚስብ እጥፍ እናድርገው፤ 2.3 ሚሊግራም ይሆናል። ነገር ግን በእርግዝና ሁለተኛ አጋማሽ በየቀኑ ወደ ደም መግባት የሚገባው ከ4 እስከ 6 ሚሊግራም ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ነው የዓለም የጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረት ከ400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጋር እንዲሰጥ የሚመክረው። እንጀራው ክኒኑን ይረዳል እንጂ በክኒኑ ቦታ ሊቆም አይችልም።

እዚህ ላይ «የእኛ ጤፍ እኮ እንደ ሌላው እህል ሳይቦካ አይበላም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ እየፈረሰ ይሄዳል፤ ይህ የእናቶቻችን ጥበብ በላቦራቶሪም የተመሰከረለት ነው። ይሁን እንጂ ቃለአብ ባዬና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባሳተሙት የእንጀራ ጥናት እንዳመለከቱት የፋይቴት መቀነስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ብረትን የሚያግዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ ከአፈር የመጣውን ብረት ሳይለዩ የሚደረግ ሒሳብም ያሳስታል።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ፤ እርሱም ቡናችን ነው። በ1983 በአሜሪካ በታተመ ምርመራ፥ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረቱን መሳብ በ39 እጅ፥ ሻይ ደግሞ በ64 እጅ ቀንሶታል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልጎዳም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደ ተጠጣው ያህል ጎድቷል። ምርመራው የተደረገው በሥጋና በዳቦ ምግብ ላይ እንጂ በእንጀራና በሽሮ ላይ አለመሆኑን መናገር ይገባል። ቢሆንም የቡና ሥርዓታችን ከምሳ በኋላ የሚከተል መሆኑን ስናስብ፥ ስለ ቀይና ስለ ነጭ ጤፍ ከመከራከር ይልቅ ለነፍሰ ጡሯ «ቡናውን ከምግብ በፊት አድርጊው» ብሎ መምከር የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። ስለ አኗኗርና ስለ ጤና የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቀላል ምክር ትተው ከባዱን ቁጥር መምረጣቸው ያስደንቃል።

ሂስ ግን በሁለት በኩል የተሳለ መሆን አለበት። የ1980ው ምርመራ ትልቅ ቢሆንም ከእርሱ በመነሣት «የጤፍ ብረት ባዶ ወሬ ነው» ማለትም ሌላ ስሕተት ነው። በመጀመሪያ፥ ንጹሑ ጤፍ እንኳ 7.6 ሚሊግራም ይዞ ከሙሉ ስንዴ ዱቄት እጥፍ ያህል ብረት አለው፤ በ100 ግራም 180 ሚሊግራም የሚደርስ ካልሲየምም አለው። ስለዚህ የተነፈገው ትርፍ ክብር እንጂ ተገቢው ክብር አይደለም። ሁለተኛ፥ የአፈር ብረት ሁሉ በከንቱ ያልፋል የሚለውም አሳብ ራሱ እየተመረመረ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው ሮዛሊንድ ጊብሰን ከ40 ዓመት በላይ ቆይተው፥ በ2015 በማላዊ ምግብ ላይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፥ ከአፈር የመጣ ብረት ከፊሉ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችል ዓይነት ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። በ2018 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደማቸው ባነሰ አይጦች ላይ ሞክረው የአፈር ብረት ለደም መመለስ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው እንዳልተዘጋ ምስክር ነው።

የሕዝቡ ጤና ቆጠራም እንዲሁ በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ውስጥ ደም ማነስ የተገኘባቸው በ2005 ከ100 27፥ በ2011 17፥ በ2016 ደግሞ 24 ነበሩ። በ2016 ዝቅተኛው በአዲስ አበባ 16፥ ከፍተኛው በሶማሌ ክልል 60 ያህል ሆኖ ተመዘገበ። ጤፍን የሚያወድስ ሰው ይህን አይቶ፥ «ጤፍ የሚበላው ደም አለው፤ የማይበላው የለውም» ሊል ይችላል። ነገር ግን የሁለቱ አገር ልዩነት የእንጀራ ብቻ አይደለም። የአየሩ ሙቀት፥ ወባው፥ የሆድ ትሉ፥ የውሃው ንጽሕና፥ የሕክምናው ቅርበት፥ የኑሮው አቅም ሁሉ ይለያያል። ከዚህም በላይ የአዲስ አበባ ባለ አቅም የሚመርጠው ማኛ የተባለውን ነጩንና በብዙ የተጣራውን ጤፍ እንጂ ቀዩን አልነበረም። ቀዩ የድኻ እንጀራ ተብሎ ሲናቅ ቆይቶ፥ አሁን ነው በጤና ስም የተከበረው። ስለዚህ የከተማይቱ ሴቶች ደም የተሻለው በቀይ ጤፍ ነው ለማለት ይህ ቆጠራ ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው በዚያው በ2016 ጥናት፥ በእርግዝናቸው ጊዜ የብረት ክኒን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ከ100 5 ያህል ብቻ መሆናቸው ከጤፉ ቀለም ይልቅ ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

ሦስተኛው ነቀፌታዬ የትርፉ ተካፋይ ማን እንደ ሆነ አለመጠየቃችን ነው። በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ይመረታል፤ የሚሰበሰበውና የሚወቃውም በመኪና እንጂ በበሬ ሰኮና አይደለም። ስለዚህ በባዕድ አገር ተመርቶ በባዕድ አገር የሚሸጥ ጤፍ፥ በኢትዮጵያ አውድማ ላይ የተገኘውን ቁጥር እየጠቀሰ ቢመሰገን፥ የሌለውን ብረት ያስመሰግናል ማለት ነው። በሆላንድ አንድ ኩባንያ የጤፍን ዱቄት አዘገጃጀት በ2007 በአውሮፓ ፓተንት አስመዝግቦ እንደ ነበርና የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ዋጋ የለውም እስካለበት እስከ 2018 ድረስ ጉዳዩ እንዳከራከረ አንባቢዎች ያስታውሳሉ። በዚያ ጊዜ ጤፍ የእኛ ነው ብለን ጮኸናል፤ መልካም አድርገናል። ነገር ግን እህሉ የእኛ ነው የሚል ሕዝብ፥ ስለ እህሉ የሚነገረው ነገር እውነት መሆኑንም ራሱ መመርመር አለበት። ባለቤትነት በፍርድ ቤት ብቻ ሳይሆን በላቦራቶሪም ይረጋገጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ተማሪ ሆነን ልንሠራው የምንችለው አንድ ነገር አለ። ከጠመንጃ ያዥ ወፍጮ ቤት ደንበኞች ፈቃድ ጠይቆ፥ ከአንድ ከረጢት ቀይ ጤፍ ሦስት እጅ መውሰድ ይቻላል፤ አንዱን እንደ መጣ፥ ሁለተኛውን እንደ ባለሙያ ሴት ተነፍቶና ተበጥሮ፥ ሦስተኛውን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦና ደርቆ። ከዚያም ሦስቱ ከመፈጨታቸው በፊትና ከተፈጩ በኋላ የብረታቸው መጠን ይለካ፤ የወፍጮው ብረት ራሱ ተፍቆ የሚጨምረው ካለም ይታወቃል። ነጩና ሰርገኛውም በዚሁ መንገድ ይመርመሩ። እህሉ ከየትኛው አገር እንደ መጣና በምን እንደ ተወቃ ከነጋዴው ተጠይቆ ይጻፍ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ከእንግዲህም በመጽሔታችን የምግብ ጥናት የሚያቀርብ ተማሪ ሁሉ፥ ቁጥር ሲጽፍ ናሙናው ታጥቦ ወይም ሳይታጠብ መሆኑን፥ ከየት እንደ መጣና ምን ያህሉ ወደ ደም እንደሚገባ ሦስቱን አብሮ እንዲጽፍ ቢደረግ፥ ከትልልቅ ቁጥሮች ይልቅ ትልቅ ጥቅም እናገኛለን።

ስለዚያች ነፍሰ ጡር ጥቂት ቃል ልጨምርና ልፈጽም። ከሳምንት በኋላ በዚያው ወፍጮ ቤት አግኝቻት፥ ክኒኑን ከምግብ ጋር ወይም ማታ ከመኝታ በፊት ብትወስደው ሆድ ማወኩ ሊቀንስ እንደሚችል፥ ካልተሻላትም እንዳትተወው፥ ይልቁንም ወደ ሰጧት ባለሙያዎች ተመልሳ እንድትነግራቸው ነገርኋት። እማማም ሰምተው ኖሮ፥ «እንግዲያ ቀዩ ጤፍ ውሸት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይደለም እማማ፤ ጤፉ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ነው የእኛ ስሕተት። ጤፉንም ትብላ፥ ክኒኑንም ትዋጥ» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው ለምን አልነገራችሁንም?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚሁ ነው።